ብረቶቹን የነቀልንለት ጊታር

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቴ የሸኘኝ በሚታጠፍ የብረት ወንበር ላይ አስቀምጦ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የእንጨት ወንበር ስሠራ ኖሬ በመጨረሻው ቀን ቀዝቃዛ ብረት ላይ መቀመጤ ራሴን አስቆኛል። ንግግር ያደረጉት ኃላፊ ለአገሩ አዲስ ነበሩ። «አቶ አያሌው ለወለጋ ትምህርት ቤቶች ያልሠሩት ጠረጴዛ የለም» አሉ፤ ተጨበጨበ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን በሐሳቤ የመጣው ጠረጴዛ አልነበረም። በጃንሆይ ዘመን፣ ነቀምት ሳለሁ፣ ከመሥሪያ ቤት ውጪ በገዛ ቤቴ የደከምኩበት አንድ ጊታር ነበር። ሠራሁት ለማለት እንኳ ይቸግረኛል። የተሠራ ጊታር ተሰጥቶኝ፣ ከላዩ ላይ ብረቶቹን ነቅዬ ነው የጣልኩት።

እኔ የተወለድኩት ነቀምት ነው። አባቴ ጎጃሜ ናቸው፤ ለጽሕፈት ሥራ መጥተው እዚያው ቀሩ። እኔም እንደሳቸው ብዕር እንድይዝ ነበር ምኞታቸው። እጄ ግን ወደ መጋዝ አደላ። የመንግሥት ሥራ ክፍል የእንጨት ቤት ውስጥ ስቀጠር አባቴ ለሳምንት አኩርፈው፣ በኋላ የመጀመሪያዋን በርጩማ ሳመጣላቸው ተቀምጠውባት ታረቁኝ።

መጀመሪያ የተመደብኩት ሻምቡ ነበር። ብርዱ ኮላ ያረጋል። አለቃዬ አንድ ባላምባራስ ነበሩ፤ የጠረጴዛ ቁመት የሚለኩት በከዘራቸው ነው። ከዘራው ጫፉ በመንገድ ብዛት ያልቃል፤ ጠረጴዛችንም አብሮት ያጥራል። ይህን ደፍሮ የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ እኔም ከፈሪዎቹ አንዱ ነበርኩ። የሻምቡ ልጆች ጎብጠው መጻፍ ከጀመሩ ባላምባራስ ከዘራ ለውጠው ይሆናል፤ እኔ እዚያ ድረስ አልቆየሁም።

ከዚያ ወደ ጊምቢ ተዛወርኩ። ጊምቢ እንጨት ሞልቷል፤ ግን ከጫካ ወጥቶ በቀጥታ መጋዝ ላይ ነው የሚወጣው። በበጋ የገጠምነው በር በክረምት አልከፈት ይላል፣ በክረምት የገጠምነው በበጋ ይሰነጠቃል። የአንድ ትምህርት ቤት በር አብጦ መምህሩ ከነተማሪዎቹ በመስኮት ሲወጡ ያየሁት ያኔ ነው። ሰዉ ሳቀ፣ እኔ ግን አልሳቅኩም፤ በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። ከጊምቢ ይዤ የወጣሁት ነገር ቢኖር እርጥብ እንጨትን መፍራት ነው።

ወደ ነቀምት ስመለስ የእንጨት ቤቱ ኃላፊ ኦቦ ደበላ ነበሩ፤ ኦቦ እዚያ አገር አቶ ማለት ነው። እኔን እንጨት ሠሪ ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ከሳቸው በፊት ምስማር መቺ ነበርኩ። ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ ለእኛ ሰላምታ አይሰጡም። ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን ሳንቃ አንድ በአንድ በእጃቸው ጀርባ እየነኩ ያልፋሉ። እርጥበቱን መለካታቸው ነው። ስንስቅባቸው ደግሞ ይብስባቸውና ሳንቃውን «አካም ቡልቴ?» ይሉታል፤ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው። አዲስ እንጨት ሲመጣ ወዲያው መጋዝ ላይ ማውጣት ክልክል ነበር። «እንግዳ ነው፣ ቤቱን ይልመድ» ብለው ጥግ ያስቀምጡታል። አለቆች ቢጮኹ፣ ሥራው ቢዘገይ፣ ግድ የላቸውም። ስንቸኩል ካዩ አንዲት ቃል ናት፦ «ሱታ።» ቀስ። ቃሏን የሚናገሩት ራሳቸውም በቀስታ ስለሆነ እስኪጨርሷት እጃችን ይቆማል።

ጊታሩን ይዞ የመጣው ኢተፋ ይባላል። የአርጆ ሰው ነው። በዚያ አገር ሠርግ ላይ ማሲንቆው ያልጮኸበት ቤት ጥቂት ነው። ጠጅ ቤቶች ይሻሙበት ነበር። ኋላ ጫልቱ የምትባል የነቀምት ልጅ አገባና ከእሷ ጋር ወንጌላውያኑ ጋ ገባ። በዚያ ጉባኤ የዚያን ጊዜ ማሲንቆ የጠጅ ቤት ዕቃ ነው፤ በጸሎት ቤት ደጃፍ አያልፍም። ኢተፋ ጉባኤው የተቀበለው ዕለት ማሲንቆውን ራሱ ይዞ መጣ፤ የሽማግሌዎቹ አለቃ ኦቦ ሂርጳ ተቀብለውት በግቢው እሳት ውስጥ ጨመሩት። ጊታር ግን ከፈረንጅ መምህራን ጋር የመጣ ስለሆነ ጠላት አልነበረውም። የጫልቱ ወንድም ከአዲስ አበባ አንድ ላከለት፤ ኢተፋም ከመዘምራኑ ጋር ተቀመጠ።

አንድ እሑድ ከሰዓት ባልና ሚስቱ ባኬ ጃማ ሰፈር ያለው ቤቴ መጡ። ባለቤቴ ጥሩነሽ ወንበር አቀረበች። ኢተፋ ሰላምታውን እንደ ጨረሰ ጊታሩን ጠረጴዛው ላይ አጋደመው።

«ኦቦ አያሌው፣ ብረቱን ንቀልልኝ» አለ።

የጊታር አንገት ላይ ቀጫጭን ብረቶች በአግድም ተሰክተዋል። ተጫዋቹ ክሩን በብረቶቹ መካከል ሲጫን ድምፁ የተወሰነ ቦታ ላይ ያርፋል። እነሱ ከሌሉ እንደ ማሲንቆ ጣት ያረፈበት ሁሉ ድምፅ ነው።

«ተበላሽቷል?» አልኩት።

«ላኪ! አይደለም፣ ደህና ነው። ደህና መሆኑ ነው የቸገረኝ።»

አንስቶ አንድ ዜማ ጀመረ። ደስ የሚል ነበር። ጣቱ ወደ ታች ሊንሸራተት ሲል ግን ድምፁ ተቆራርጦ ወረደ።

«ሰማኸው? ይሄ ደረጃ ነው። እኔ የማውቀው ዜማ ቁልቁለት ነው። ልወርድ ስል ይጠልፈኛል» አለና ጊታሩን መለሰው። «ማሲንቆ አልነካም ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። ቃሌን አላጥፍም። ጊታር አትንካ ያለኝ ግን የለም።»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ሊሄዱ ሲሉ ጫልቱ ሻሿን የረሳች መስላ ተመለሰች። «ማሎ፣ ኦቦ አያሌው» ብላ ለመነችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ማሲንቆው ከተቃጠለ ወዲህ ኢተፋ አንድ ቀን አፉን ከፍቶ ዘምሮ አያውቅም። ቤትም ዝም ነው። የአርጆው ጠጅ ቤት ባለቤት፣ ና፣ ማሲንቆ አዘጋጅቼልሃለሁ ብሎ ሰው ልኮበታል። እስከ ጉባኤው የመከር ምስጋና በዓል እጄ ካልተፈታ እሄዳለሁ አለኝ። እኔ ጠጅ ቤት ገብቼ አልኖርም። እሱም ይሄንን ያውቃል።»

«ከሄደስ?» አለች ጥሩነሽ።

«ከሄደማ ባል የለኝም» አለች ጫልቱ፤ ሻሿን አንስታ ወጣች።

በማግሥቱ ለኦቦ ደበላ ነገርኳቸው። እሳቸውም የዚያው ጉባኤ ሰው ናቸው፤ አግዳሚ ወንበሮቹን ሁሉ የሠሩት እሳቸው ነበሩ። መላጊያቸውን አስቀምጠው ሰሙኝ። ሽማግሌዎቹ ምን ይላሉ የሚለውን እያሰቡ መሰለኝ። በመጨረሻ፣ «መንቀሉ ቀላል ነው፤ በቦታው የሚገባው ነው ጣጣው። ሱታ» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

መንቀሉም ቢሆን እንዲህ ቀላል አልነበረም። ከቆርቆሮ ሠሪ የብየዳ ብረት ተውሼ፣ በከሰል እያጋልኩ፣ እያንዳንዱን ብረት በጫፉ አሞቅኩት፤ ከሥሩ ያለው ኮላ እንዲላላ። ከዚያ በፊት የብረቱን ዳርና ዳር በምላጭ እበጣለሁ፤ ካልተበጣ ሲነቀል የእንጨቱን ቆዳ ይዞ ይነሳል። ጉጠቴን ጫፉ ስስ እስኪሆን ሞርጄው ነበር። ከአንድ ጫፍ ይዞ እያወዛወዙ፣ ጥርስ እንደሚነቅል ሐኪም ሳይሆን እሾህ እንደሚያወጣ ሰው ነው የሚሠራው። ሁሉም ከወጡ በኋላ አንገቱ በየሁለት ጣቱ ስንጥቅ ብቻ ያለበት ሆነ። ስንጥቆቹን በስስ የእንጨት ስንጣሪ መሙላት ነበረብኝ፤ ያለበለዚያ ጣት እዚያ ይደናቀፋል፣ አንገቱም ይላላል።

የወይራ ስንጣሪ መረጥኩ። ጊዜው ሐምሌ ነው፤ የነቀምት ዝናብ ሌሊትና ቀን አይለይም፤ ጨው እንኳ በዕቃው ውስጥ ይቀልጣል። እኔ ደግሞ ጊምቢን አልረሳሁም። እርጥብ እንጨት አላስገባም ብዬ ስንጣሪዎቹን ከጥሩነሽ ምድጃ በላይ ያለው ቆጥ ላይ ደረደርኳቸው። «እኔ በርበሬዬን የት ላድርግ?» ብላ ጮኸችብኝ፤ ግን አላነሳቻቸውም። ጭስና ሙቀት ጠጥተው ጠጥተው ሲወርዱ እርስ በርሳቸው ሲጋጩ እንደ ብርጭቆ ይንቃጨላሉ። ደስ አለኝ። ደንበኛ ደረቅ እንጨት ማለት ይህ ነው አልኩ። በኮላ ነክሬ ወደየስንጥቁ በትንሽ መዶሻ ጥብቅ አድርጌ አስገባኋቸው። ኮላው ሲይዝ ትርፉን በጠርሙስ ስባሪ ፍቄ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ ክሩን መለስኩ።

ኢተፋ ሲሞክረው ፊቱ በራ። ድምፁ ተንሸራተተ። ጥሩነሽ ከጓዳ ወጥታ በር ላይ ቆማ ሰማችው፤ የጎረቤት ሰዎችም አጥር ላይ ተንጠለጠሉ። እኔም በዚያ ምሽት እንደ ልጅ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ደስታው ነሐሴን አልተሻገረም። ኢተፋ ዝናብ እየመታው፣ ጊታሩን በጋቢው ጠቅልሎ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው አንገቱ ወደ ኋላ ተለምጦ፣ ክሮቹ እንጨቱ ላይ ተኝተዋል። ስነካቸው ድምፅ የላቸውም፤ ድብ፣ ድብ ብቻ።

«ተወው፣ ኦቦ አያሌው» አለኝ። «አንተ አይደለህም። የእኔ ዕድል ነው። አርጆ ማሲንቆ አለ።» ጊታሩን ትቶ ወጣ።

እንደዚያ ቀን በሥራዬ አፍሬ አላውቅም። እራት ቀረበልኝ፤ አልበላሁም። ጥሩነሽም ለማጽናናት ብላ፣ «በርበሬዬን አንስቼ ቦታ የለቀቅኩት ለዚህ ነው?» አለችኝ፤ ይኸው ነው የእሷ ማጽናናት።

ጊታሩን ለኦቦ ደበላ ወሰድኩት። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አንገቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት።

«ስንጣሪውን የት አደረቅኸው?»

«ምድጃ ላይ፣ ቆጥ ላይ።»

ኦቦ ደበላ ከት ብለው ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ሠራተኛው ሁሉ መጋዙን አቁሞ ዞረ። «ዋቃዮ፣ አምላኬ! ውሃ የጠማው እንጨት በክረምት አስገባህ! ገባና ጠጣ፤ ጠጥቶ ወፈረ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲወፍሩ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ አንገቱ ወዴት ይሂድ? ወደ ኋላ ሄደ እንጂ!» ሳቃቸው ሲያልቅ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። «እርጥብ የፈራ ሰው በጣም ያደርቃል። ደረቅም እርጥብም አይደለም የሚፈለገው። ያገሩን አየር የለመደ ነው።»

በሚቀጥለው እሑድ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ያለው ቤታቸው ወሰዱኝ። በጓሯቸው የእንጨት ክምር አላቸው፤ እያንዳንዱ ከየት እንደመጣ ያውቃሉ። ከመካከሉ አንድ የመስኮት መቃን ስባሪ መዘዙ። የአባታቸው ቤት ሲፈርስ ያስቀሩት ነው። ዝናብ የመታው፣ ፀሐይ የመታው፣ ከእንግዲህ ምንም የማይደንቀው እንጨት ነበር።

ያስገባሁትን ሁሉ በስስ መጋዝ ቆርጬ አወጣሁ። ክሮቹን መልሰን ወጥረን፣ አንገቱ እየተሳበ በራሱ ጊዜ ወደ ቦታው እንዲመለስ ተውነው። ይህ ሳምንታት ፈጀ። በየዕለቱ እያየሁ እናደድ ነበር፤ ኦቦ ደበላ ግን እንደ ታማሚ ጠዋት ጠዋት ይጠይቁታል እንጂ አይነኩትም። ሲቃና ከመቃኑ አዲስ ስንጣሪ ላግን። የዚህን ጊዜ መዶሻዬን ወስደው ኪሳቸው ከተቱት። «በአውራ ጣት ተጭነህ ካልገባ ወፍራም ነው፣ መልሰህ ላገው» አሉኝ። ስንጣሪውን ከጀርባው ብርሃን እስኪታይ ድረስ ላግኩት። ሁሉም በአውራ ጣት ገቡ።

ቀጥሎ ድምፁ ነበር። ብረት ስለሌለው ክሩ ለስላሳ እንጨት ላይ ሲያርፍ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። አንገቱን በበሬ አጥንት አሸነው፤ ስስ ቬርኒሽ እየቀባን፣ ሲደርቅ እንደገና እያሸን፣ እንደ መስታወት ጠነከረ። ከአንገቱ ራስ ላይ ክሮቹ የሚያልፉበትን አጥንትም ሞርደን ዝቅ አደረግነው፤ ጣት ብዙ ሳይጫን ክሩ እንጨቱን እንዲያገኝ። ክሩን ስነካው ድምፁ ረጅም ሄደና ቀስ ብሎ ጠፋ። ኦቦ ደበላ መዶሻዬን ከኪሳቸው አውጥተው መለሱልኝ።

የመከር ምስጋናው ሲቃረብ ጫልቱ መጣችና ኢተፋ ለአርጆ ሰዎች እመጣለሁ ብሎ መላኩን ነገረችኝ። ጊታሩን ይዤ የሚሠራበት የቡና መጋዘን ሄድኩ። ጆንያ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አልፈልግም አለኝ። ጆንያው ላይ አስቀምጬለት ወደ በሩ ሄድኩ፤ ወደ ኋላ ግን አላየሁም። ትንሽ ቆይቶ ክር ሲነካ ሰማሁ። ከዚያ ዜማው መጣ። ቡና የሚለቅሙት ሴቶች እጃቸው ቆመ። ስዞር ኢተፋ ግንባሩን የጊታሩ ደረት ላይ ደፍቷል።

«ገለቶሚ» ብሎ አመሰገነኝ ቀና ሳይል። ከዚያ ደግሞ፣ «ሽማግሌዎቹ ከከለከሉኝ ግን እሄዳለሁ። ሌላ መላ የለኝም» አለ።

እኔ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ፤ እነሱ ጋ ገብቼ አላውቅም ነበር። የመከር ምስጋናው ዕለት ግን ከኦቦ ደበላ ጎን፣ ራሳቸው በሠሩት አግዳሚ ላይ ከኋላ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊት በቆሎው በዛላ፣ ቡናው በቁና፣ ማሩ በቅል ተደርድሯል። መዘምራኑ ቆሙ፤ ኢተፋ በጊታሩ ጀመረ።

መዝሙሩን ሁሉም ያውቁታል። እንዲህ ሆኖ ግን ሰምተውት አያውቁም። ድምፁ ሲንሸራተት ሽማግሌዎች ራሳቸውን ቀና አደረጉ፤ ከሴቶቹ መካከል ትከሻዋ የተንቀሳቀሰ ነበረች፤ ቶሎ ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። መዝሙሩ መሐል ሳይደርስ ኦቦ ሂርጳ ተነሡ። መዝሙሩ ተቋረጠ።

«ኢተፋ፣ ኩን ማሊ? ምንድን ነው ይሄ?»

«ጊታር ነው፣ ኦቦ።»

«ጊታር እንዲህ አይልም።»

ኢተፋ ጊታር ነው ብሎ ቢከራከር ማን ይረታው ነበር? እሱ ግን አልተከራከረም።

«ብረቱን አስነቅዬዋለሁ» አለ። «ማሲንቆ እንዲመስል ብዬ ነው። አልዋሽዎትም። ያለዚያ እጄም አፌም አይፈታልኝም።»

ኦቦ ሂርጳ ጣታቸውን ወደ ጊታሩ ቀሰሩ። «አስቀምጠው» አሉ። «መዝሙሩን በአፋችን እንጨርሳለን።»

ኢተፋ ጊታሩን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠና ወደ በሩ አየ። በሩ ክፍት ነበር። ወደ ጫልቱ ለማየት ድፍረት አጣሁ።

መዝሙሩን ከቆመበት ያነሳችው ግን እሷ ናት። ብቻዋን ጀመረች። እንደ መጽሐፉ አልነበረም፤ ጊታሩ አሁን እንዳለው፣ እያንሸራተተች ነው። አጠገቧ ያሉት ሴቶች ተቀበሏት። ኦቦ ደበላ ከጎኔ በወፍራም ድምፃቸው ገቡበት። የአገሩ ሰው ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ በእርሻውም በሠርጉም እንዲህ ሲዘፍን ነው የኖረው፤ አንዴ ከተጀመረ ማንም ወደ ደረጃው ሊመለስ አልቻለም። ከዚያ ደግሞ ሰምቼው የማላውቀው አንድ የወንድ ድምፅ መጣ። ኢተፋ ነበር፤ እጆቹን ባዶ አንጠልጥሎ፣ አፉን ከፍቶ ይዘምራል።

ኦቦ ሂርጳ እንደቆሙ ናቸው። መጀመሪያ ከንፈራቸው ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። በኋላ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ድምፃቸውም ከሰዉ ጋር ተንሸራቶ ወረደ። መዝሙሩ ሲያልቅ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ጊታሩን አዩት። አሁን በገዛ አፋቸው የዘመሩትንና «አስቀምጠው» ያሉትን የሚለየውን ነገር የሚፈልጉ ይመስላሉ፤ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው።

«ካሲ» አሉ። «አንሳው፣ ኢተፋ። ከመጀመሪያው።»

ኢተፋ ጎንበስ ከማለቱ በፊት ጊታሩን ከመሬት አንስታ ያቀበለችው ጫልቱ ናት።